ማውሱን ከሠራተኛው እጅ አትውሰዱ፦ በጅማ ለሚገኙ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በጅማ ከተማና በጅማ ዞን ወረዳዎች ለምትገኙ የመንግሥትና የግል መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ለሰው ሀብት ልማት ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ ሠራተኞች በኢንተርኔት በሚሰጥ ሥልጠና ላይ በራሳቸው ችሎታ እንዲተማመኑ ስለማድረግ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በጅማ የሠራተኞችን ሥልጠና በማስተባበር ሥራ ለዓመታት የቆየሁ ባለሙያ ስሆን፣ ለመጻፍ ያነሣሣኝም በየመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ላይ «ሥልጠናውን አጠናቀዋል» ተብለው ከሚመዘገቡት መካከል ቀላል የማይባሉት ሠራተኞች፣ ሥልጠናው ሲያልቅ ከመጀመራቸው በፊት ከነበሩበትም በባሰ ሁኔታ በራሳቸው ላይ እምነት አጥተው ማየቴ ነው። ሥልጠና ሰውን አዲስ ነገር አስችሎ ባይሸኘው እንኳ «አልችልም» አስብሎ ሊሸኘው አይገባም ነበር። ጉዳዩ የአንድ መሥሪያ ቤት ችግር ስላልሆነ ማንንም ለይቼ አልወቅስም፤ አሠራራችን በብዙ ቦታ ተመሳሳይ በመሆኑ ግን ለሁላችሁም በአንድነት መጻፍን መርጫለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥልጠና ሲባል ወደ አዳማ፣ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ አዲስ አበባ መሄድ፣ ካልሆነም እዚሁ ጅማ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተሰብስቦ ለቀናት መዋል ማለት ነበር። አዲስ አበባ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ የሳምንቱ አንድ ክፍል በመንገድ ያልቃል፤ ልጅ የምታጠባ ወይም በሽተኛ የምታስታምም ሠራተኛ ደግሞ ዕድሉ ቢደርሳት እንኳ ለሌላ ትለቅ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ሥልጠና በሊንክ ይመጣል። የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ አገልግሎቶቻችን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተርና ወደ ስልክ እየገቡ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብርም፣ ማንም ሰው ባለበት ሆኖ በነጻ ሠልጥኖ ሰርተፍኬት እንዲያገኝ በር ከፍቷል። ይህን ለውጥ ከልቤ እደግፋለሁ። በዴዶ ወይም በሰቃ ጮቆርሳ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ባለሙያ አዲስ አበባ ካለው ባልደረባው እኩል ትምህርት ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ የምጽፈውም ይህ ዕድል በእጃችን እንዳይበላሽ ስለምፈልግ ነው።

ሠራተኞች ሥልጠናውን ጀምረው ሲያቋርጡ በየስብሰባው የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፦ ፍላጎት የላቸውም፣ አበል ስለሌለው ነው ይባላል። የአበሉ ጉዳይ ፈጽሞ ምክንያት አይደለም አልልም። ደመወዙ ወር ለማያደርሰው ሠራተኛ የውሎ አበል የቤት አስቤዛ ነበርና መቅረቱ ቅር ቢያሰኘው አይፈረድበትም፤ በዚያ ላይ ሥልጠናውን በራሱ ስልክ፣ በራሱ ዳታ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ እንዲወስድ ሲታዘዝ ቅሬታው ቢብስ የሚያስገርም አይሆንም። ማቋረጡም የጅማ ሠራተኛ ጠባይ አይደለም፤ በዓለም ዙሪያ ለሁሉም በነጻ በተከፈቱ የኢንተርኔት ኮርሶች ከተመዘገቡት ሰዎች የሚጨርሱት ጥቂቶቹ ብቻ እንደሆኑ በተደጋጋሚ ተጠንቶ የታወቀ ነው። ነገር ግን አበል ያልጠየቁ፣ እንዲያውም ለመማር የጓጉ ሠራተኞች በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቆመው ሲቀሩ አይቻለሁ። እነዚህን ሰዎች ያቆማቸው «ይህን ነገር በራሴ እወጣዋለሁ» ብሎ ማመን አለመቻል ነው። ይህን ከስንፍና ጋር ስናምታታው መድኃኒቱንም እናምታታለን፤ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ሰው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንጽፍለታለን።

ያየሁትን አንድ ነገር ልግለጽ። በመዝገብ ቤት ሥራ ብዙ ዘመን የቆዩ፣ የማንኛውም ባለጉዳይ ፋይል በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ከአእምሯቸው የሚናገሩ፣ ወጣቶቹ «አዴ» እያሉ የሚያከብሯቸው አንዲት ሠራተኛ ለኢንተርኔት ሥልጠና ሊመዘገቡ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ። ገጹ ኢሜይል ጠየቃቸው፤ ኢሜይላቸውን ከዓመታት በፊት የከፈተላቸው ሌላ ሰው ስለነበር ፓስዎርዱን አያውቁትም። አዲስ ለመክፈት ሲሞክሩ ፓስዎርዱ ትልቅ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ይኑረው ተባሉ፤ በአንድ ጣት እየፈለጉ ሲጽፉ በሳጥኑ ውስጥ የሚታያቸው ጥቁር ነጥብ ብቻ በመሆኑ በትክክል ይጻፉ ይሳሳቱ ማወቅ አልቻሉም። የማረጋገጫ ኮዱ በስልካቸው እስኪመጣ ሲጠብቁ ኔትወርኩ ተቋረጠና ገጹ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ። እጃቸውን ከማውሱ ላይ ሰብስበው ጭናቸው ላይ አደረጉና «ምን ነካሁበት?» አሉ። አጠገባቸው የነበረው ወጣት ባልደረባቸው በፍጹም ቅንነት «አዴ፣ ይተዉት፣ እኔ ልጨርስልዎት» ብሎ ማውሱን ወሰደ፤ ምዝገባውንም፣ የመጀመሪያውን ትምህርትም፣ ከትምህርቱ በኋላ ያሉትን ጥያቄዎችም በአንድ ጊዜ ጨረሰላቸው። እሳቸውም መረቁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ስለ ሥልጠና ሲነሣ መልሳቸው «ለእኔ አይሆንም፣ ልጆቹ ይሥሩት» የሚል ሆነ። በሪፖርቱ ላይ ስማቸው ካጠናቀቁት ተርታ ይገኛል።

በዚያ ሰዓት ምን እንደተበላሸ የሥነ ልቦና ጥናት በደንብ ያስረዳናል። በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሰው አንድን የተወሰነ ሥራ እችላለሁ ብሎ ማመኑ ሥራውን መጀመር አለመጀመሩን፣ ምን ያህል እንደሚጥርና እንቅፋት ሲገጥመው ምን ያህል እንደሚጸና እንደሚወስን አስረድተዋል። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው እምነቱ ከአንድ የተወሰነ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ነው። በስብሰባ ደፍሮ የሚናገር፣ የተቆጣ ባለጉዳይ የሚያበርድ፣ በሠፈሩ እድር የሚመራ ሰው ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ እጁ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ይህ የጠባይ ድክመት አይደለም፤ በዚያ ሥራ ላይ ካለው ልምድ የመጣ ስሜት ስለሆነ በልምድ ይለወጣል። ባንዱራ እንደሚሉት ይህ እምነት ከአራት ምንጮች ይቀዳል፦ ራስ ሠርቶ ከመወጣት፣ እንደ ራስ ያለ ሰው ሲወጣው ከማየት፣ ከሌሎች የማበረታቻ ቃል፣ እንዲሁም በሥራው ጊዜ ሰውነትና ስሜት ከሚሰጡት ምልክት። ከአራቱም የሚበረታው የመጀመሪያው ነው። ያ ቅን ወጣት ማውሱን በወሰደ ጊዜ አዴ ራሳቸው ሠርተው የሚወጡበትን አጋጣሚ ወሰደባቸው፤ እሳቸው የተቸገሩበትን እሱ በቅጽበት ሲጨርሰው ማየታቸው ደግሞ ነገሩ ለእሳቸው ዓይነት ሰው የተሠራ እንዳልሆነ አሳመናቸው።

ጅማ በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ከተማ ናት። በርጩማ የሚሠራ ባለሙያ ተማሪውን በቁርጥራጭ እንጨት ያስጀምረዋል እንጂ መሮውን ከእጁ ነጥቆ አይጨርስለትም፤ ቢጨርስለት በርጩማው ይገኝ ይሆናል፣ ሠሪው ግን አይገኝም። ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ፣ ማንኛውም የኢንተርኔት ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት ማንም የማይመዘንበት አንድ የመግቢያ ቀን እንዲኖር ነው። በዚያ ቀን እያንዳንዱ ሠራተኛ በገዛ እጁ ኢሜይሉን ይክፈት፣ ፓስዎርዱን ራሱ ይምረጥ፣ ይግባ፣ ይውጣ፣ ተመልሶ ይግባ፣ አንድ አጭር ቪዲዮ አጫውቶ ያቁም፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ገጹ ምን እንደሚመስል አይቶ መልሶ ይክፈተው። ድጋፍ ሰጪው በቃል ይምራ፣ በጣቱም ያመልክት፤ ማውሱንና ኪቦርዱን ግን አይንካ። ይህን ደንብ አጥብቆ የሚይዝ አንድ የአይሲቲ ባለሙያ አውቃለሁ። ሰው ሲያግዝ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል፤ «አሁን ከላይ በስተቀኝ ምን ይታይዎታል?» ብሎ ይጠይቅና መልሱ እስኪመጣ ዝም ይላል። ጊዜ ይፈጃል፤ ዙሪያውን የቆመውን ሰው ሁሉ ትዕግሥት ያስጨርሳል። እሱ ያገዛቸው ሰዎች ግን በማግስቱ ለዚያው ጉዳይ ደግመው አይጠሩትም። ከመግቢያው ቀን በኋላም ትምህርቱ ደረጃ በደረጃ እየከበደ ይሂድ፤ ሁሉም ነገር ተፈጭቶ የቀረበለት ሰው የመጀመሪያው ችግር ሲገጥመው ቶሎ ተስፋ እንደሚቆርጥ ባንዱራ አስጠንቅቀዋልና ሥራውን ከልክ በላይ ማቅለልም አይጠቅምም።

ስለ ኔትወርክና ስለ መብራት ጥቂት ልጨምር፤ ከባዶ ማማረር ያለፈ ነገር ስላለው ነው። ኮምፒውተር የለመደ ሰው ገጹ ሲቆም ኔትወርኩን ይረግማል፤ ያልለመደው ግን ራሱን ይረግማል። በአንድ ሥልጠና መካከል መብራት ሲጠፋ አንደኛው ሠራተኛ ሻይ ለመጠጣት ይወጣል፣ ሌላዋ የሠራችውን ያጠፋች መስሏት ተሸማቅቃ ትቀመጣለች። ችግሩ አንድ ሆኖ ሳለ በሁለቱ ልብ ውስጥ የሚጽፈው ነገር ፍጹም የተለያየ ነው። ስለዚህ አስተባባሪዎች «ገጹ ቢቆምባችሁ የእናንተ ጥፋት አይደለም፣ የሠራችሁትም እስከዚህ ድረስ ተቀምጧል» የሚለውን አስቀድመው ይናገሩ፤ የሚቻል ሲሆን ቪዲዮዎቹ ቀድመው ወርደው በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጡ።

ሠራተኞቻችን ከቴክኖሎጂ ጋር አይግባቡም የሚለውን አስተያየት እኔ አልቀበለውም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስንቶቻችን ገንዘባችንን በስልክ እንልካለን ብለን አስበን ነበር? ዛሬ «ኮምፒውተር ለእኔ አይሆንም» የሚለው ሠራተኛ ሄርማታ መርካቶ ውስጥ ዕቃ ገዝቶ በቴሌብር ይከፍላል፣ ለገጠር ቤተሰቡ ይልካል፣ ሒሳቡ ላይ ስሕተት ካየም ደውሎ ይከራከራል። እንዴት እንደለመደው አስቡት። በትንሹ፣ የስልክ ካርድ በመሙላት ጀመረ፤ ሲሳካለት ወዲያው መልእክት መጣለት፤ ጎረቤቱ ወይም ልጁ አንድ ጊዜ አሳየውና ቀሪውን ራሱ ሞከረው፤ አማርኛና አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በሚገባው ቋንቋ አገኘው፤ ስሙን በዝርዝር አውጥቶ ያሳፈረው ሰውም አልነበረም። የሥልጠና አዘጋጆቻችን ከዚህ ብዙ ሊማሩ ይችላሉ።

እንደ ራስ ያለን ሰው ከማየት በሚገኘው እምነት ረገድ የእናንተ የኃላፊዎች ድርሻ ከሁሉም ይበልጣል። ኃላፊው የራሱን ሥልጠና ለጸሐፊው ወይም ለአይሲቲ ባለሙያው ሰጥቶ የሚያስጨርስ ከሆነ፣ ሠራተኛው የሚማረው ሥልጠናው የበታቾች ጣጣ መሆኑን ነው። ኃላፊው ግን ከሠራተኛው ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጦ፣ ፓስዎርድ ሲረሳ፣ ሲሳሳት፣ ጠይቆ ሲያስተካክል ቢታይ ከየትኛውም ንግግር የበለጠ ያስተምራል። ክብር ይቀንሳል ብላችሁ የምትሰጉ ካላችሁ፣ እኔ ያየሁት የተገላቢጦሹን ነው፤ «እሳቸውም እንደኛ ተቸግረው ተወጡት» የሚለው ወሬ በመሥሪያ ቤቱ በአንድ ቀን ይዳረሳል። ረዳት ስትመርጡም ሁልጊዜ ወደ ወጣቱና ወደ ተመራቂው አትሂዱ። ባለፈው ዙር ተቸግራ የተማረች የሃምሳ ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ፣ ለእኩዮቿ ከኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቅ የተሻለች አስረጂ ልትሆን ትችላለች፤ የት ላይ እንደሚያደናቅፍ ታውቀዋለችና።

የማበረታቻ ቃል ደግሞ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አቅም የለውም። አነቃቂ ተናጋሪ ጋብዞ «ትችላላችሁ!» ማስባል፣ በማግስቱ ገጹ ሲቆም በአንድ ደቂቃ ይጠፋል።

ይልቅ በጣም የሚያሳስበኝ ፍርሃትን በገዛ እጃችን መዝራታችን ነው። ሊንኩ በመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ይለቀቃል፤ ከሥሩ «እስከ ዓርብ ያላጠናቀቀ ተጠያቂ ይሆናል» የሚል መልእክት ይከተላል፤ ዓርብ ሲደርስ ያልጨረሱ ሠራተኞች ስም ዝርዝር በዚያው ግሩፕ፣ አለቃም ምንዝርም በሚያየው ቦታ ይለጠፋል። ይህን ያየ ሠራተኛ ቀጣዩን ሥልጠና ሲከፍት ልቡ እየመታ ነው የሚከፍተው፤ የልቡን ምት ደግሞ «አልችልም ማለት ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ከገጹ በላይ የሚቆጥር ሰዓት ያለው ፈተና ሲጨመርበት ጥያቄውን ሳያነብ መልስ ይጫናል፣ ወይም ስልኩን ለሚያውቅ ሰው ይሰጣል። እባካችሁ ስም መለጠፉን አቁሙ። ያልጨረሰውን ሰው የቅርብ ኃላፊው ለብቻው ያነጋግረው፤ የት ላይ እንደቆመ ይጠይቀው። ፈተናዎችም ተደጋግመው መሞከር የሚቻሉ፣ ሰዓት የማይቆጠርባቸው ይሁኑ፤ ዓላማው ማስተማር እስከሆነ ድረስ ደጋግሞ መሞከርን መከልከል ትርጉም የለውም።

የቋንቋውም ነገር ቀላል አይደለም። በኢንተርኔት ከሚሰጡት ሥልጠናዎች ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ የእኛ ሠራተኛ ባለጉዳይ የሚያስተናግደው፣ ደብዳቤ የሚጽፈውና የሚያስበው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ነው። ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ጥያቄው ባልገባው ቋንቋ ስለቀረበለት ብቻ ሲወድቅ ሥራውን አላውቀውም ብሎ መጠራጠር ይጀምራል። ሙሉ ትምህርቱን መተርጎም ባይቻል እንኳ የእያንዳንዱን ክፍል ዋና ሐሳብ በሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ገጽ ጽፎ ማደል፣ ከዚያም በቡድን ተወያይቶ ወደ ቪዲዮው መግባት ከማንኛውም መሥሪያ ቤት አቅም በላይ አይደለም።

ሰዓቱንም እናንሣ። ባለጉዳይ መስኮት ላይ ተሰልፎ እያለ ትምህርት አይገባም፤ ማታ ቤት ገብታ እራት የምታበስል፣ ልጅ የምታስጠና ሠራተኛም በሌሊት ዳታ ገዝታ ትማር ማለት ፍትሕ አይደለም። ሥልጠናው ለሥራው የሚያስፈልግ ከሆነ በሥራ ሰዓት፣ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተርና በመሥሪያ ቤቱ ኢንተርኔት ይሰጥ።

አሁን ወደ ሪፖርቱ ልመለስ፤ ችግሩን ሸፍኖ የሚያቆየው እሱ ነውና። በሌላ ሰው እጅ የተሠራ ሰርተፍኬት ለመሥሪያ ቤቱ መቶ በመቶ ይሆንለታል፤ ባለቤቱ ግን እንዳልሠራው በልቡ ያውቃል፤ የሠለጠነበት የኮምፒውተር አሠራር ሥራ ላይ ሲውል ባለጉዳዩ ፊት የሚሸማቀቀውም እሱ ነው። ስለዚህ ስንት ሰው ጨረሰ ከሚለው ጎን ለጎን ስንት ሰው ብቻውን መሥራት ቻለ የሚለውን እንለካ። መለኪያው ከባድ አይደለም። ኮምፖ እና ሂጊንስ የተባሉ ሁለት የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች አንድን ሥራ በማያውቁት የኮምፒውተር ፕሮግራም መሥራት እንደሚችሉ ምን ያህል እንደሚተማመኑ በ10 ጥያቄዎች፣ ከ1 እስከ 10 በሚደርስ ነጥብ ለክተዋል። ጥያቄዎቹ የሚለያዩት በሚገኘው ድጋፍ ነው፤ የሚነግረኝ ሰው በአጠገቤ ባይኖር፣ ሌላ ሰው ሲሠራበት አስቀድሜ ብመለከት፣ ሲቸግረኝ የምጠይቀው ሰው ቢኖር እያሉ ይሄዳሉ። ይህን ሐሳብ ወስደን ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ስም በማይጻፍበት አንድ ገጽ ላይ ብንጠይቅ፣ ሠራተኞቹ በራሳቸው መተማመናቸው መጨመር አለመጨመሩን እናያለን፤ ከዚያም በላይ የትኛው ዓይነት ድጋፍ እንደሚያስፈልጋቸው ይነግሩናል። አብዛኞቹ «አንድ ጊዜ ካሳዩኝ እችላለሁ» ካሉ የሚያሳይ ሰው እንመድባለን፤ «የምደውልለት ሰው ካለ» ካሉ ደግሞ የአንድ ረዳት ስልክ ቁጥር በግድግዳ ላይ መለጠፍ ይበቃል። በእምነቱ መለኪያ ብቻ ሳንመካም እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ትክክለኛ የሥራ ጉዳይ በገዛ እጁ ሠርቶ እንዲያሳይ እናድርግ፤ እችላለሁ ማለትና መቻል አብረው መሄድ አለባቸው።

ለዚህ የሚሆን ሰው ሩቅ አገር ሄደን አንፈልግም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው በ1992 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ በማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት ፍልስፍናው ይታወቃል፤ ተማሪዎቹ በቡድን ወደ ማኅበረሰቡ ወጥተው እየሠሩ ይማራሉ። የኮምፒውተርና የሥነ ልቦና ተማሪዎች በዚሁ መንፈስ በመሥሪያ ቤቶች የመግቢያ ቀን ላይ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሚረዱ አጋዦች ቢሆኑ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። ዩኒቨርሲቲው ይህን ጥያቄ ከመሥሪያ ቤቶቹ ጋር ተቀምጦ እንዲያየው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ለእናንተ ለኃላፊዎች የማቀርበው ጥያቄ በመጪው በጀት ዓመት ዕቅድ ውስጥ እንዲገባ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አድርጉ አልልም። በቅርቡ ከምትጀምሩት የኢንተርኔት ሥልጠና በፊት የመግቢያውን ቀን አድርጉ፤ በዚያም ቀን እናንተ ራሳችሁ ከሠራተኞቻችሁ ጋር ተገኙ፤ የስም ዝርዝር መለጠፉም ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ለመጀመር ፈቃደኛ ለሚሆን መሥሪያ ቤት የመግቢያውን ቀን መርሐ ግብርና ከሥልጠናው በፊትና በኋላ የሚሞላውን አንድ ገጽ መጠይቅ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅቼ ያለ ክፍያ አቀርባለሁ፤ በዕለቱም ተገኝቼ አግዛለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የሠራተኞች ሥልጠና አስተባባሪ
ጅማ